የዊንዶውስ መጫኛ ዲስክ ቡት አላደርግ (ኮምፒዩተሩን አላስነሳ) ሲል ምን ይደረጋል?

ኮምፒዩተሩን ፎርማት ለማድረግ የመጫኛ ዲስኩን ከተታችሁ። ኮምፒዩተሩ ግን ዲስኩን እንዳላየ አልፎት አሮጌውን ዊንዶውስ ከፈተ። ወይም ስክሪኑ ጨልሞ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። ሌላው ደግሞ ባዮስ (ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ይቀያይራል። እባካችሁ ሁለቱንም አትቸኩሉበት። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ችግሩ ከዲስኩ ነው ወይስ ከኮምፒዩተሩ የሚለው ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፎቶና ሰነዶቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ኮምፒዩተሩ ላይ ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ደግሞ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። የባዮስ ቅንብር ስትቀይሩ ቁጥሩን ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከሌላችሁ ፋይላችሁ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል።

1. ዲስኩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሩት

የጓደኛ ላፕቶፕ ይበቃል። የቋንቋ መምረጫው ገጽ ከመጣ ዲስኩ ደህና ነው። እዚያው አቁሙና አውጡት፤ እስከዚህ ድረስ የጓደኛችሁ ኮምፒዩተር ላይ የሚጠፋ ነገር የለም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቁጥር 3 እለፉ። እዚያም እምቢ ካለ ግን ዲስኩን እንመርምር።

2. ዲስኩ ውስጥ ምን እንዳለ ተመልከቱ

በሚሠራ ዊንዶውስ ላይ ዲስኩን ክፈቱት። የሚታየው አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል (የሙሉ ዲስክ ቅጂ የታሸገበት ፋይል) ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ተገኝቷል። በእኔ እይታ ከሁሉም ይበልጥ የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። በትክክል የተዘጋጀ ዲስክ ቡት፣ ኢኤፍአይ እና ሶርስስ የሚባሉ ፎልደሮችንና ሴትአፕ የሚል ፋይል ያሳያል።

ፋይሉ ዲስኩ ላይ እያለ ለምን አይነሳም? ኮምፒዩተሩ ሲበራ የአይኤስኦ ፋይል ከፍቶ ውስጡን አይፈትሽም። ኤል ቶሪቶ የሚባል በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ኮምፒዩተሩ የዲስኩን ሴክተር 17 (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱን) አንብቦ የማስነሻ መረጃ ይፈልጋል። አይኤስኦውን እንደ ተራ ፋይል ስትገለብጡት ያ መረጃ ፋይሉ ውስጥ እንደታሸገ ይቀራል፤ በቦታው አይገኝም።

መፍትሄው ቀላል ነው። አይኤስኦው ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በርን ዲስክ ኢሜጅ የሚለውን ምረጡ። ሲጨርስ እንዲያመሳክር ቬሪፋይ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። በርን የሚያደርገው (ዲስኩ ላይ የሚጽፈው) ፕሮግራም ፍጥነት የሚያስመርጥ ከሆነ ዝቅ ያለውን ምረጡ፤ በተለይ ዲቪዲ ማንበቢያችሁ ያረጀ ከሆነ።

መጠኑንም እዩ። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ነው። የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ አይገባም። ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፣ ግን እሱን ፍለጋ ከመንከራተት 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብታዘጋጁት ይሻላል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አትርሱ።

ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ያወረዳችሁት ከሆነ ፋይሉ ራሱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍትም ኡቡንቱም (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) የፋይሎቻቸውን ሻ 256 መለያ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ረጅም የፊደልና ቁጥር ኮድ፣ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ሰቨን ዚፕ የሚባለው ፕሮግራም ካላችሁ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የእናንተን ታገኛላችሁ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ እንደገና አውርዱ። በጎደለ ፋይል አሥር ዲስክ ብታዘጋጁ ለውጥ የለውም።

3. ኮምፒዩተሩ ዲስኩን እንዲያይ አድርጉ

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ስትሉ ኮምፒዩተሩ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን ከታችሁ ሪስታርት በሉት። አርማው እንደወጣ የቡት ሜኑ (ኮምፒዩተሩ ከምን እንደሚነሳ የሚያስመርጠው ዝርዝር) ቁልፍን ደጋግማችሁ ንኩ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ ከዚያ ኤፍ 9፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኤስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፣ ግን አንዳንዱ ላይ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መፍቀድ ይጠይቃል።

ከዚያ ከዲቪዲ ለመነሳት የትኛውንም ቁልፍ ተጫኑ የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣል። የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሳታዩት ካለፈ ወደ አሮጌው ዊንዶውስ ይገባል፤ እናንተም ዲስኩ አልሠራም ትላላችሁ።

4. ዩኢኤፍአይ ወይስ ሌጋሲ?

ዩኢኤፍአይ አዲሱ፣ ሌጋሲ ደግሞ የቆየው የኮምፒዩተር ማስነሻ ዘዴ ነው። ቡት ሜኑው ላይ ያው ዲቪዲ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ አንዱ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል አለው። ሁለቱንም ሞክሩ። ዊንዶውስ 11 በዩኢኤፍአይ እንዲነሳ ይፈልጋል። የዊንዶውስ 7 ዲስክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌጋሲን ይፈልጋል፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) በርቶም አይነሳም። ዊንዶውስ 10ም ኡቡንቱም ሴኪዩር ቡት እንደበራ ስለሚነሱ ለእነሱ ብላችሁ አታጥፉት። ለአሮጌ ዲስክ ካጠፋችሁት ሥራው ሲያልቅ ሊመለስ የሚችል ከሆነ መልሱት። ባለ 32 ቢት (የቆየው ዓይነት) ዲስክም አብዛኛው አዲስ ላፕቶፕ ላይ በዩኢኤፍአይ አይነሳም።

5. ማንበቢያውን ፈትሹ

ዲስኩ ሲገባ ሲሽከረከር ይሰማል? በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ማንበቢያ ከሆነ ማከፋፈያ ሳታስገቡ ቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰኩት፤ ኃይል ሊያንሰው ይችላል። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጥረጉት፣ በክብ አይደለም። ያስተካከላችሁት የቡት ቅደም ተከተል ባበራችሁ ቁጥር ከጠፋ፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ኮምፒዩተር ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

ዲስኩ ተነስቶ መጫኑ ከተጀመረ ኮምፒዩተሩ መሃል ላይ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ያኔ ቁልፍ ተጫኑ የሚለው መልእክት እንደገና ይመጣል። አሁን ምንም አትንኩ። ከነካችሁ መጫኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል።