«ሃቭ» የሚያሳስትባቸው ቦታዎች፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ኮምቦልቻም እንግሊዝኛ ሳስጠና ደጋግሜ የማርመው ግሥ «ሃቭ» (have) ነው። ተማሪው ስላላጠና አይመስለኝም፤ የአማርኛው «አለ» የሚሠራበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ነው።

ችግር፦ «አይ ዋዝ ሃቭ ኤ ሾፕ ኢን ፒያሳ።»
«ፒያሳ ሱቅ ነበረኝ» ለማለት ነው። «ነበረኝ» ውስጥ «ነበር» ስለሚሰማ «ዋዝ» ይገባል፤ ከዚያ «ሃቭ» ይከተላል። የ«ሃቭ» ኃላፊ ጊዜ «ሃድ» ብቻ ነው፣ ለሁሉም መደብ አንድ ነው። «አይ ሃድ ኤ ሾፕ» በሉ።

ችግር፦ «ማይ ሲስተር ሃቭ ስሪ ችልድረን።»
ይህ ሥር የሰደደ ነው። «እህቴ ልጅ አላት»፣ «እህቴ ሦስት ልጆች አሏት» ስንል ግሡ የተለወጠው በልጆቹ ቁጥር ነው። በአማርኛ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያለው ነገር፣ እዚህ ላይ ልጆቹ፣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቷ እህት ናት። ልጆቹ አሥር ቢሆኑም እህት አንድ ስለሆነች «ሃዝ» ነው። ከመናገራችሁ በፊት «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» ከሆነ «ሃዝ»። በጥያቄና በአሉታ ግን «ዳዝ» ለውጡን ስለሚሸከም ግሡ ወደ «ሃቭ» ይመለሳል፦ «ዳዝ ሺ ሃቭ ችልድረን?»

ችግር፦ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ።»
«ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ ግን እዚህ ረዳት ግሥ ሆኖ የገባው «ሃቭ» ያለፈና የተዘጋ ጊዜ ከሚጠቁም ቃል ጋር አይሄድም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ይባላል። ከረዳቱ ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ (ከ«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» «ጎን») ነው፤ «ሃዝ ዌንት» አይባልም። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ኮምቦልቻ» ካላችሁ ሰውየው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ገና አልተመለሰም፤ «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ኮምቦልቻ» ካላችሁ ደርሶ ተመልሷል።

ችግር፦ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም ቱሞሮው»ን «ነገ መምጣት የለብህም» ብሎ መረዳት።
በተለይ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። «ሃቭ ቱ» «አለብኝ» እንደሆነ ስለምናውቅ አሉታውን «የለብህም» እንለዋለን፤ «የለብህም» ደግሞ ለእኛ ክልከላ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ግዴታ የለብህም፣ ከፈለግህ ና» ማለቱ ነው። አለቃው መከልከል ቢፈልግ «ማስት ኖት» ይል ነበር። በጆሮ ደግሞ «ሃቭ ቱ» ብዙውን ጊዜ «ሃፍ ቱ»፣ «ሃዝ ቱ»ም «ሃስ ቱ» ሆኖ ስለሚሰማ፣ በዚያው ድምፅ እየደገማችሁ ተለማመዱት።