የሶፍትዌር ውጥኖችን በነጥብ ሰንጠረዥ ሲያስቀድሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሶፍትዌር ቡድን በሩብ ዓመት ውስጥ ሠርቶ የሚያስረክበው ሥራ ከሚጠየቀው ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜም ጥቂት ነው። የሽያጭ ክፍሉ ለደንበኛ የገባው ቃል አለው፤ የፋይናንስ ክፍሉ ሪፖርት ይፈልጋል፤ ኢንጂነሮቹ ደግሞ ለዓመታት የተከማቸውን የኮድ ችግር ማቃለል ይሻሉ። በመሆኑም ውጥኖቹን በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ መስፈርት ክብደት ሰጥቶና ነጥብ ደምሮ ቅደም ተከተል ማውጣት ተገቢ አሠራር ነው። ለባንኮችና ለክፍያ ድርጅቶች ሶፍትዌር ከሚሠሩ ቡድኖች ጋር በዚህ ሥራ ላይ ስቀመጥ የማያቸው ስህተቶች ግን ከቡድን ቡድን እምብዛም አይለያዩም። ሰንጠረዡ የሚጠቅመው የቡድኑ አባላት የማይስማሙበት ነገር የት እንዳለ አውጥቶ ሲያሳይ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ያንን አለመስማማት በቁጥር ሸፍነው የሚያሳልፉ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ደረጃውን ካዩ በኋላ ክብደቱን መነካካት ነው። ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ቡድኑ ሲሠራበት የሰነበተው ሰንጠረዥ በፕሮጀክተር ይታያል፤ ኃላፊው የሚደግፉት ውጥን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኖ ይገኛል፤ «ይሄ እንዴት ከዚህ በታች ሆነ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ኤክሴሉን የያዘው ሰው «ምናልባት የስትራቴጂው ክብደት አንሶ ይሆናል» ብሎ አንዱን ቁጥር ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ደረጃው ይገለበጣል፤ ስብሰባውም ያበቃል። ይህንን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የሚያሳዝነኝም በአብዛኛው ማንም በክፋት የሚያደርገው አለመሆኑ ነው። ሁሉም ሰው ሰንጠረዡን እያሻሻለ ያለ ይመስለዋል።

ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። አራት መስፈርቶች አሉ እንበል፦ የገቢ ጭማሪ 40 በመቶ፣ የደንበኛ ጥቅም 30 በመቶ፣ ከስትራቴጂ ጋር መጣጣም 20 በመቶ፣ ስጋትን መቀነስ 10 በመቶ። ኢንተርኔት ለሌላቸው ደንበኞች የዩኤስኤስዲ ሜኑን (በስልክ በኮከብና በመሰላል ምልክት ተደውሎ የሚከፈተውን ዝርዝር) እንደገና የመሥራት ውጥን ከ5 በቅደም ተከተሉ 3፣ 5፣ 3 እና 3 ቢያገኝ፣ እያንዳንዱ ነጥብ በክብደቱ ተባዝቶ ሲደመር ድምሩ 3.6 ይሆናል። ለሥራ አመራሩ ዳሽቦርድ የማዘጋጀት ውጥን ደግሞ 4፣ 2፣ 5 እና 3 ቢያገኝ ድምሩ 3.5 ነው። አሁን ከደንበኛ ጥቅም ላይ 5 በመቶ ብቻ ተቀንሶ ወደ ስትራቴጂው ይዛወር፤ የዩኤስኤስዲው ድምር ወደ 3.5 ሲወርድ የዳሽቦርዱ ወደ 3.65 ይወጣል። ስለ ሁለቱ ውጥኖች አንድም አዲስ መረጃ አልተገኘም፤ ስለ ደንበኛው የታወቀ አዲስ ነገርም የለም። የተለወጠው አንድ ሴል ነው፤ በዚያ አንድ ሴል ግን የሦስት ወር ሥራ አቅጣጫውን ቀይሯል።

ጉዳቱ በዚያ ሩብ ዓመት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ኢንጂነሮቹም ሆኑ የሽያጭ ሠራተኞቹ ክብደቱ በስብሰባ መሐል ሲለወጥ አይተዋል። በሚቀጥለው ዙር ነጥብ ስጡ ሲባሉ ስለ ውጥኑ የሚያውቁትን በሐቀኝነት መጻፍ ይተዉና የፈለጉት ደረጃ የሚገኝበትን ቁጥር ወደ ኋላ ማስላት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር አይኖርም፤ የሚናገረው የትኛው ክፍል የበለጠ ጉልበት እንዳለው ብቻ ነው፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ ሰንጠረዥ አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ክብደቶቹ የውጥኖቹ ዝርዝር ከመቅረቡ አስቀድሞ ተወስነው፣ ውሳኔው ከነቀኑና ከነምክንያቱ ተጽፎ፣ ሴሎቹም መቆለፍ አለባቸው። ነጥቡ ከተሰጠ በኋላ እያንዳንዱን ክብደት በ5 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጎ ደረጃው ይገለበጥ እንደሆነ መፈተሽ ይገባል፤ ይህ ግን የሚደረገው የውጤቱን ጽናት ለማወቅ እንጂ ውጤቱን ለመቀየር አይደለም። የሚገለበጥ ከሆነ ሁለቱን ውጥኖች እኩል ብሎ መመዝገብና በሌላ ምክንያት መምረጥ ከሐቁ ይቀርባል። ኃላፊው በውጤቱ ካልተስማሙ ደግሞ መብታቸው ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ትክክል የሚሆኑት እሳቸው ናቸው፤ ሰንጠረዡ የማያውቀውን ነገር ያውቁ ይሆናልና። በዚህ ጊዜ ውሳኔው «በኃላፊ ውሳኔ ከአራተኛ ወደ አንደኛ የተዛወረ፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ክብደቶቹ እንዳሉ ይቆዩ፤ የጎደለ መስፈርት ካለም ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ይጨመር።

ሁለተኛው ስህተት ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ ተብሎ ወረቀት ሲበተን ለአንዱ 4 ማለት «ጥሩ ነው» ማለት ሲሆን ለሌላው «እስከ ዛሬ ከሠራነው ሁሉ ይበልጣል» ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ሊረጋገጥ በሚችል ነገር መገለጽ አለበት፦ ለምሳሌ በገቢ መስፈርት 1 ማለት የሚለካ ገቢ የማያመጣ፣ 3 ማለት በዓመት ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊዮን ብር የሚያመጣ፣ 5 ማለት ከአሥር ሚሊዮን በላይ የሚያመጣ ተብሎ እንደ ድርጅቱ መጠን ይወሰናል። በእኔ ልምድ ይህንን ትርጉም መጻፍ ነጥብ ከመስጠቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ጀማሪ ፕሮዳክት ማኔጀሮችም ስለዚህ ይዘሉታል። እባካችሁ አትዝለሉት፤ ቡድኑ «ለእኛ ትልቅ የሚባለው ምን ያህል ነው?» በሚለው ላይ የሚከራከርበት ሰዓት ከሁሉም የስብሰባ ሰዓቶች የሚጠቅም ነው።

ደብሊው ኤስ ጄ ኤፍ በመባል የሚታወቀውን የመዘግየት ዋጋን (ሥራው ቢዘገይ የሚታጣውን ጥቅም) ለሥራው መጠን የማካፈል ዘዴ የሚጠቀሙ ቡድኖችም በዚሁ ይሳሳታሉ። ዘዴው በየዓምዱ ትንሹን ሥራ ፈልጎ 1 መስጠትና ሌሎቹን ከእሱ ጋር እያነጻጸሩ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያሉ መሄድን ይጠይቃል። ትንሹን ሳይለዩ ከመጀመሪያው ውጥን 8 ብሎ የሚነሣ ቡድን ግን ሁሉንም ነገር ከ8 እስከ 20 ባለው ጠባብ ቦታ ውስጥ አጭቆ ይጨርሳል።

ጥረትን እንደ ማንኛውም መስፈርት መደመር ሌላው ስህተት ነው። አንዳንዱ አቅጣጫውን እንኳ ሳያስተካክል ይደምረዋል፤ ከባዱ ሥራ 5 ስላገኘ ከቀላሉ በላይ ይወጣል። ይህ ቶሎ ስለሚታይ ቶሎ ይታረማል። የማይታየው ሌላው ነው፦ ቀላሉ ሥራ 5፣ ከባዱ 1 እንዲያገኝ ተስተካክሎ ለጥረት 10 በመቶ ክብደት ተሰጠ እንበል። አንድ ሳምንት የሚፈጅ ሥራና አንድ ዓመት የሚፈጅ ሥራ በመጨረሻው ድምር ላይ የሚኖራቸው ልዩነት 0.4 ብቻ ይሆናል። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሃምሳ ያህል የአንድ ሳምንት ሥራዎች ይሠሩ እንደነበር ሰንጠረዡ አይነግረንም። ጥረት ጥቅሙ የሚካፈልበት ቁጥር ሊሆን ይገባዋል።

በኢንተርኮም ኩባንያ የተዘጋጀው ራይስ የተባለው ቀመር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚደርሳቸውን ሰዎች ብዛት፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ያለውን ለውጥና የግምቱን አስተማማኝነት አባዝቶ በሰው-ወር (አንድ ሰው በአንድ ወር በሚሠራው ሥራ) ለሚለካ ጥረት ያካፍላል። ለ2000 ተጠቃሚዎች የሚደርስ፣ ለውጡ 2፣ አስተማማኝነቱ 80 በመቶ የሆነና አራት ሰው-ወር የሚጠይቅ ውጥን 800 ያገኛል፤ ለ500 ተጠቃሚዎች ብቻ የሚደርስ፣ ለውጡ 1፣ አስተማማኝነቱ 100 በመቶ የሆነና ግማሽ ሰው-ወር የሚበቃው ውጥን ግን 1000 አግኝቶ ይቀድማል። እዚህም ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ 100 በመቶ አስተማማኝነት የሚሰጠው የተለካ መረጃ ሲኖር ነው፤ ሐሳቡ ስለሚያምር አይደለም። ሁለተኛ፣ ማካፈል ጥቃቅን ሥራዎችን ስለሚያስቀድም ለትልልቆቹ ውጥኖች የቡድኑን አቅም የተወሰነ ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥና እርስ በርሳቸው ብቻ ማወዳደር ያስፈልጋል።

«የደንበኛ እርካታ»፣ «ደንበኛን ማቆየት» እና «ቅሬታን መቀነስ» በሦስት ዓምድ ከተጻፉ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል፤ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ቢይዙ ማንም ሳይወስነው 45 በመቶ ለአንድ ሐሳብ ተሰጥቷል። አምስት መስፈርት ይበቃል።

ነጥብን በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ መስጠትም መቅረት አለበት። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ታላቅ ወይም አለቃ ከተናገረ በኋላ የተለየ ቁጥር መጥራት እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ጽፎ ያስገባ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገለጥ፤ ኃላፊው መጨረሻ ይናገሩ። ከተገለጠ በኋላም ወዲያውኑ አማካይ ማውጣት አይገባም። በአንድ የብድር ሥርዓት ውጥን ላይ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋ 1፣ የሽያጩ ኃላፊ 5 ሰጥተው ሰንጠረዡ 3 ብሎ ሊያልፈው ሲል አስቆምኩትና ሁለቱን ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። እሱ የሚያስበው በሞባይል ስለሚበደሩት ነጋዴዎች ነበር፤ እሷ የምታውቀው ግን ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ የንግድ ፈቃዳቸውን ፎቶ አንሥተው መላክ ስለማይችሉ ቅርንጫፍ ድረስ እንደሚመጡ ነው። ውጥኑ ለሁለት ተከፍሎ ሰነድ ማስገቢያው ቀደመ። ሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ልዩነት ያለበት ሴል ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊጠየቅበት ይገባል። በተረፈ የውጥኑ ባለቤት ለራሱ ውጥን ነጥብ አይስጥ።

ምርጫ የሌለበትን ነገር ነጥብ ሰጥቶ ማወዳደር ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን አደጋም አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ የሚይዝ ሥርዓት በአዋጁ መሠረት መስተካከል አለበት፤ ገቢ አያመጣምና በሰንጠረዡ ዘጠነኛ ሆነ ተብሎ የሚዘገይ ጉዳይ አይደለም። የሕግና የተቆጣጣሪ ግዴታዎች ከሰንጠረዡ ውጭ ይቀመጡ፤ የሚወስዱት አቅም አስቀድሞ ይቀነስ፤ ውድድሩ በተረፈው አቅም ላይ ይሁን። የሌላው መሠረት የሆነ ሥራም እንዲሁ ብቻውን ሲታይ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። ከፋይዳ መታወቂያ ጋር መተሳሰር በራሱ የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በስልክ ሒሳብ የመክፈትና በስልክ የማበደር ውጥኖች በእሱ ላይ የሚቆሙ ከሆነ ነጥቡ ከእነሱ ጋር በአንድነት ሊሰላ ይገባል።

ስለ ኤክሴሉ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ያልሠራንበትን ደረጃ ይዘን እንዳንወጣ። የክብደቱ ረድፍ በዶላር ምልክት ካልታሰረ ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት ክብደቱን ትቶ የሌላ ውጥን ነጥብ እያባዛ ይወርዳል። ነጥብን በክብደት አባዝቶ የሚደምረው ሰምፕሮዳክት የተባለው የኤክሴል ቀመር ባዶ ሴልን እንደ ዜሮ ሲቆጥር አማካይ የሚያወጣው አቬሬጅ ግን ይዘለዋል፤ ስለዚህ ያልተሞላ ነጥብ በአንደኛው ቀመር ውጥኑን ይጥላል፣ በሌላኛው ያነሣዋል። ደረጃው ከመታየቱ በፊት ባዶ ሴል አለመኖሩና የክብደቶቹ ድምር 100 መሆኑ ይረጋገጥ።

የቆየ ነጥብ ሳይከለስ መጠቀም በአገራችን ከሌላው ቦታ የበለጠ ይጎዳል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር በሚከፈል ክላውድ ላይ የሚቆም ወይም የውጭ ላይሰንስ የሚፈልግ ውጥን ወጪው እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ ሰርቨር ላይ በራስ ሠራተኛ የሚሠራው ያን ያህል አልተነካም። ከዚያ በፊት የተሰጠ የወጪ ነጥብ ይዞ የቀጠለ ሰንጠረዥ ሁለቱን እንደ ድሮው ያወዳድራቸዋል። ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ የተሰጠበት ቀንና አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይጻፍ፤ ምክንያቱ ሲፈርስ ነጥቡም እንዲከለስ።

የመጨረሻው ስህተት ሰንጠረዡን ከውሳኔው በኋላ መርሳት ነው። አንደኛ የወጣው ውጥን ተሠርቶ ስድስት ወር ሲሞላው የተሰጠውን የገቢ ነጥብ ከመጣው ገቢ፣ የተገመተውን ሰው-ወር ከፈጀው ሰው-ወር ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቡድን እምብዛም አላገኘሁም። ያደረጉት ጥቂቶቹ ግን የት እንደሚሳሳቱ ያውቃሉ፤ ለምሳሌ ከሌላ ድርጅት ሥርዓት ጋር መገናኘት የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ከግምታቸው በላይ እንደሚፈጅባቸው ደርሰውበት ለእንዲህ ያሉ ውጥኖች የአስተማማኝነቱን ነጥብ ከ80 ወደ 50 በመቶ አውርደው ነው የሚጀምሩት።