በዎርድ የሚሞሉ ቅጾችን ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሥራ ማመልከቻ፣ የፈቃድ መጠየቂያና የንብረት መረከቢያ ቅጾች በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚዘጋጁት በማይክሮሶፍት ዎርድ ነው። ተሞልተው ሲመለሱ ግን ብዙ ጊዜ ሰንጠረዡ ተዛብቶ፣ አንዳንዴም ጥያቄው ራሱ ተሰርዞ ይገኛል።

በብዛት የሚታየው ስህተት መልስ የሚጻፍበትን ቦታ በሰረዝ ወይም በነጥብ ማስመር ነው። ይህ በእስክሪብቶ ለሚሞላ ወረቀት ይበጃል፤ በኮምፒውተር ሲጻፍበት ግን ሰረዙ እየተገፋ መስመሩን ያፈርሰዋል። መፍትሔው ስፋቱ በተወሰነ ሰንጠረዥ ውስጥ መሙያ ሳጥን ማስገባት ነው። ሳጥኖቹ የሚገኙበት «ዲቨሎፐር» የተባለው ትር ተደብቆ ስለሚመጣ በ«ኦፕሽንስ» ሥር ካለው «ከስተማይዝ ሪበን» አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሳጥኖቹን አስገብቶ ቅጹን ሳይቆልፉ መላክ ሁለተኛው ስህተት ነው። «ሌጋሲ» የሚባሉት የቆዩ ሳጥኖች በ«ሪስትሪክት ኤዲቲንግ» በኩል «ፊሊንግ ኢን ፎርምስ» ተመርጦ ጥበቃው እስኪጀመር ድረስ ለሞይው አይሠሩም፤ ምልክት ማድረጊያውን ቢጫኑት ምልክት አይወጣበትም፣ የምርጫ ዝርዝሩም አይከፈትም። በአንጻሩ ሁሉንም መቆለፍም አይገባም። ሞይው ረዥም ሐተታ የሚጽፍበት ክፍል ካለ በሴክሽን ብሬክ ለይቶ ያንን ብቻ ክፍት መተው ይቻላል።

በእኔ እምነት ለአገራችን ቅጾች ከሁሉም የከፋው ስህተት የቀን መሙያውን «ዴት» በሚል ዓይነት ማዘጋጀት ነው፤ ምክንያቱም ዎርድ ቀኑን የሚያነበው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። አንድ አመልካች ጥቅምት 30 ቀን 2017 ለማለት 30/2/2017 ብሎ ቢጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 በፈረንጆቹ ዘንድ ስለሌለ ሳጥኑ ቀኑን አይቀበለውም። ከዚህ የሚብሰው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2017 ተብሎ የታሰበው 1/1/2017 እንደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ይያዝና ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ወሩን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ባሉት 13 ስሞች በምርጫ ዝርዝር፣ ቀኑንና ዓመቱን ደግሞ የፊደል ብዛታቸው በ2 እና በ4 በተገደበ የጽሑፍ ሳጥን ማስሞላት ይሻላል። ቀኑንም በዝርዝር አደርጋለሁ የሚል ሰው የቆየው የምርጫ ዝርዝር ከ25 በላይ አማራጭ እንደማይዝ፣ በዎርድ 2007 የመጡት «ኮንቴንት ኮንትሮል» የተባሉት አዲሶቹ ሳጥኖች ግን ይህ ገደብ እንደሌለባቸው ይወቅ።

የቅጹን የይለፍ ቃል እንደ ምሥጢር መጠበቂያ መቁጠርም አደገኛ ነው። ይህ ጥበቃ ጽሑፉ በስህተት እንዳይነካ ያግዛል እንጂ ፋይሉን አያመሰጥርም፤ ቅጹን የከፈተ ሁሉ የተሞላውን ያነባል፣ ጥበቃውንም ጥቂት የሚያውቅ ሰው ሊያነሣው ይችላል። የሠራተኞች ደመወዝ ወይም የሕክምና መረጃ የያዘ ቅጽ ከተሞላ በኋላ «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስወርድ» በሚለው ለብቻው መመስጠር አለበት።

በመጨረሻም ቅጹን እንደ ተራ ሰነድ ሳይሆን እንደ ቴምፕሌት ያስቀምጡት፤ ያን ጊዜ በጋራ ማኅደር ውስጥ ሁለቴ ተጭኖ የሚከፍተው ሁሉ አዲስ ቅጂ ያገኛል፣ የቀደመው ሰው መልስም በዋናው ላይ አይቀርም።