ከኤኤስ/400 የወጣ ፋይል ኤክሴል ላይ ሲዘበራረቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ከኤኤስ/400 (የአይቢኤም የድርጅት ኮምፒውተር) ያወጣነው ፋይል ይከፈታል፤ ግን ባዶ ቦታ በነበረበት ሁሉ የኢሜይል አድራሻ ላይ የምናውቃት «አት» (@) ተደርድራለች። ቁጥሩም እንግዳ ፊደል ሆኗል።

ምክንያት፦ ዳታው አልጠፋም። ፋይሉ ከኤብሲዲክ (ኤኤስ/400 ፊደልንና ቁጥርን ከሚጽፍበት ኮድ) ሳይቀየር ወጥቷል። በኤብሲዲክ የባዶ ቦታ ኮድ በሄክስ 40 ነው። ፒሲ ደግሞ 40ን «አት» ብሎ ነው የሚያነበው።

«ፋይሉን በሚያወጣው ትእዛዝ (ኮፒ ቱ ኢምፖርት ፋይል) ላይ 1208 ብለናል እኮ» ትላላችሁ፤ 1208 ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የዩኒኮድ ዓይነት ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፋይሉ አይኤፍኤስ (ኤኤስ/400 ውስጥ እንደ ፒሲ ፎልደር ያለው ቦታ) ላይ ቀድሞ ካለ፣ «ሪፕሌስ» የሚለው የትእዛዙ ምርጫ ውስጡን ይተካል እንጂ የሲሲኤስአይዲ ቁጥሩን (ፋይሉ በየትኛው ኮድ እንደተጻፈ የሚናገረውን) አይነካም። ሲፈጠር 37 (ኤብሲዲክ) ከነበረ ዛሬም 37 ነው።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለ አንድ አከፋፋይ ዘንድ «ቫይረስ ነው» ተብሎ የሂሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ደረስኩ። የወሩ ሪፖርቷም አብሮ ሄዷል። ጥፋቱ ኮምፒውተሯ ጋ አልነበረም። የቀድሞው ባለሙያ ከአረንጓዴው ስክሪን (ከኤኤስ/400 የትእዛዝ መስኮት) ባዶ ፋይል ፈጥሮ ሄዷል፤ የሌሊቱ ጆብ ያንኑ እየሞላ ነበር። ሳያጣሩ የሰው ማሽን ፎርማት ማድረግ ያናድዳል።

መፍትሄ፦ «ወርክ ዊዝ ሊንክስ» (የአይኤፍኤስ ፋይሎች ዝርዝር) ላይ ከፋይሉ ፊት 8 ጽፋችሁ ቁጥሩን እዩ። 37 ከሆነ ፋይሉን አጥፉና «ኮፒ ቱ ኢምፖርት ፋይል»ን በ1208 እንደገና አስኪዱ።

ማሳሰቢያ፦ የምታጠፉት አይኤፍኤስ ላይ ያለውን ቅጂ ብቻ ነው። የዳታቤዙን ፋይል እንዳትነኩ!

ማሳሰቢያ፦ የተጠቃሚዎች ፈቃድ ከፋይሉ ጋር ይጠፋል፤ ቀድማችሁ መዝግቡ።

ማሳሰቢያ፦ ኤክሴል ላይ የከፈተው ሰው ካለ አስዘጉት።

ቁጥሩ 1208 ሆኖም «አት» ከመጣ፣ የዳታቤዙ ፊልድ (ዓምድ) ሲሲኤስአይዲ 65535 እንዳይሆን እዩ። ይህ «አትቀይር» ማለት ነው። ትእዛዙ ውስጥ «ፍሮም ሲሲኤስአይዲ» ላይ 37 ስጡት።

የብር መጠኑ ብቻ ከተበላሸ ፊልዱ ፓክድ (ሁለት አሃዝ በአንድ ባይት የታጨቀበት ቁጥር) ነው። «ኮፒ ቱ ስትሪም ፋይል» የሚባለውን ሌላ ትእዛዝ ተዉት፣ ፓክዱን እንዳለ ነው የሚገለብጠው፤ «ኢምፖርት ፋይል» ፓክዱን ወደ ተራ ቁጥር ይለውጠዋል።

የአማርኛ ስም ከጠፋ ግን ኤክስፖርቱን አትውቀሱ። 37 ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ፊልዱ ዩኒኮድ ሆኖ ስሙ እንደገና መግባት አለበት።

ስሙ ዳታቤዙ ውስጥ ደህና ሆኖ ኤክሴል ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱ። በ«ዳታ» በኩል አስገቡና 65001 ምረጡ፤ 1208 ማለት ማይክሮሶፍት ዘንድ እሱ ነው። የሂሳብ ቁጥር ያለበትን ዓምድ «ቴክስት» በሉት፤ አለበለዚያ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ይቆረጣሉ።