እየተማራችሁ ለምትሠሩ የኮሌጅ ተማሪዎች

በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው ኮሌጅ እየተማራችሁ በትርፍ ሰዓት የምትሠሩ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የትምህርት ፕሮግራማችሁን፣ የፈተና ሳምንታትን ጨምሮ፣ ለአሠሪያችሁ በወረቀት ስጡ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ስለሚገባ፣ ይህን በትሕትና መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም።

ከሁሉ አጥብቄ የምመክራችሁ ግን ሰዓታችሁን እንድትመዘግቡ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት ባለመጻፌ የሁለት ሳምንት ደመወዜን ማስረዳት ተስኖኝ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በኪስ በምትያዝ ትንሽ ደብተር ላይ «ማክሰኞ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል» ብዬ እጽፍና በዕለቱ ኃላፊውን አስፈርም ነበር። ያልሠራችሁትን ሰዓት ግን፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን፣ አትጻፉ።

የምትቀሩ ከሆነ በዋዜማው አሳውቁ፤ የታክሲ እጥረት በእኛ ሰፈር እውነት ቢሆንም፣ ሱቁን ከፍቶ ለሚጠብቃችሁ ሰው ችግሩን አያቃልልለትም። በደንበኞች ወረቀት ላይ ያያችሁትን ስምና ስልክ ለማንም አትናገሩ። ሥራውን ስትለቁም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ።