ሁለት ጉርሻ በልቶ መጥገብ፦ የጨጓራ ምት ሲደክም

ምልክቱ፦ ገና ሁለት ሦስት ጉርሻ ሲበላ ሆድ ጥግብ ይላል። ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል። ማታ የተበላው እንጀራ ጠዋት እንዳለ በትውከት ይወጣል። እኛ ጎጃም ይህን ሁሉ "ጨጓራ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ሰውም ኦሜፕራዞል እየገዛ ይከርማል። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ የደከመ ጨጓራ አያንቀሳቅስም።

መንስኤው፦ ጨጓራ እንደ ልብ የራሱ ምት አለው፤ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል። ምቱን የሚያመነጩት በጡንቻው መሀል ያሉት የካሃል ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች በውስጣቸው ካከማቹት ካልሲየም ጥቂት ጥቂት ይለቃሉ። የተለቀቀው ካልሲየም በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉትን የክሎራይድ በሮች (ክሎራይድ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች) ይከፍትና የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሳል። ቲ የተባሉት የካልሲየም በሮች ደግሞ ከውጭ ካልሲየም እያስገቡ ሞገዱን ከሴል ወደ ሴል ያሻግሩታል። ሞገዱ ጡንቻው ጋ ሲደርስ ኤል የተባሉት የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ያኔ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ምግቡም ይፈጫል።

ለዓመታት ያልተቆጣጠሩት ስኳር እነዚህን ሴሎች ይጨርሳቸዋል፤ የጨጓራን ነርቭም ይጎዳል። እንደ ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎችም ጨጓራን ያዘገያሉ። ኒፈዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ኤል በሮችን ስለሚዘጋ ሊያዘገይ ይችላል። ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡት።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ኢንዶስኮፒ፤ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ከውስጥ መታየት። ቁስለት ወይም የጨጓራ መውጫ መጥበብም ይህንኑ ምልክት ያመጣል። ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ቢጠይቅ እንኳ ያዋጣል። ደም ካስመለሳችሁ ወይም ሰገራ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ከዚያ ስኳራችሁን ተለኩ። ምግቡን በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ አድርጉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በአንዴ ትሪ ሙሉ መብላት ለዚህ ሰው ከባድ ነው፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጥሬ ቃሪያና ዘይት የበዛበት ወጥ ይቅርባችሁ። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ይስማማል። በልታችሁ አትተኙ፤ ወክ አድርጉ። ጨጓራን የሚያንቀሳቅሰው ሜቶክሎፕራሚድ የተባለው መድኃኒት ሐኪም ካዘዘ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ይወሰዳል። ፊት ወይም ምላስ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ ከጀመረ አቁሙና ወዲያው ተመለሱ።

ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ምግቡ ጨጓራ ውስጥ ሲዘገይ ኢንሱሊኑ ቀድሞ ስኳሩን ያወርደዋል። ከበላችሁ በኋላ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ ስኳር በጥብጣችሁ ጠጡ፤ የመወጊያውን ሰዓትም ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ።