የትራክተር ወንበር ሲያነጥር፣ ሲደቁስና ሲወዛወዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ከጅማ ወደ ዴዶ ወይም ወደ ሰቃ በትራክተር ሲመላለስ የዋለ ሰው ማታ ወገቡን ይዞ ሲገባ መንገዱን ይወቅሳል። መንገዱም ድርሻ አለው። ግን የአብዛኛው ትራክተር የኋላ አክስል ከካምቢዮው ጋር በቀጥታ የታሰረ ነው። እንደ መኪና ባሌስትራ የለውም። በሹፌሩ ወገብና በጉድጓዱ መካከል ያሉት ጎማውና ወንበሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወንበሩን ችላ ማለት ወገብን ችላ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ወንበሩ ሲያስቸግረው ስፖንጅ ይጨምራል ወይም ብርድ ልብስ አጥፎ ይደርባል። ይሄ ቂጥ ያሳርፋል እንጂ ወገብ አያድንም። ሥራው ያለው ከስፖንጁ ስር ነው። እዚያ መቀስ የሚመስሉ የብረት ክንዶች አሉ። ሞላው ክብደት ይሸከማል። አሞርዛተሩ ንጥረቱን ያበርዳል። ፒንና ቡሹ ክንዶቹን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ። የትኛው እንደተበላሸ ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ።

ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፉ። የክብደት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አላሉት፤ የተወጠረ ሞላ ሲፈታ እጅ ይሰብራል። በክንዶቹ መካከል ጠንካራ እንጨት ሳታስገቡ ጣታችሁን አታስገቡ።

ጉድጓድ ሲገባ "ድብ" ብሎ ታች ይመታል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የክብደት ማስተካከያው ነው። በሞላ የሚሠሩ ብዙ ወንበሮች ከ50 እስከ 130 ኪሎ አካባቢ የሚስተካከሉበት ማዞሪያ ወይም ማንሻ አላቸው። ወንበሩ ለ60 ኪሎ ወጣት ተስተካክሎ 85 ኪሎ ሰው ቢቀመጥበት መምታቱ አይቀርም። ተቀመጡና ሌላ ሰው ከፍታውን ይለካ። ወንበሩ ከላይ እስከ ታች 10 ሳንቲም የሚሄድ ከሆነ፣ ስትቀመጡበት 5 ሳንቲም አካባቢ መውረድ አለበት። ሹፌር በተቀየረ ቁጥር ይሄ ይደገም። ብር አያስወጣም፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ እዚሁ ያልቃል።

ማዞሪያው መጨረሻ ደርሶም የሚመታ ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። የተሰበረ ሞላ አይበየድም። እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል፤ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰበራል። አሮጌውን ይዛችሁ ጅማ ሄርማታ ገበያ ውጡና የሽቦውን ውፍረት፣ የውጭ ስፋቱን፣ ቁመቱንና የጥቅሎቹን ብዛት አመሳስሉ። ሁለት ሞላ ካለው ሁለቱንም ባንዴ ቀይሩ። "ይሄ ይበልጥ ጠንካራ ነው" ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፤ ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ እያንዳንዱን ምት ቀጥታ ወደ አከርካሪ ይልካል። አከርካሪ ደግሞ በተለይ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚመላለስ ንዝረት ክፉኛ ይጎዳል።

ከጉድጓዱ ከወጣችሁ በኋላም ማንጠሩን አያቆምም

አሞርዛተሩ ነው። ባዶውን ወንበር በእጃችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት። ወደ ላይ ተመልሶ ወዲያው መርጋት አለበት። ሁለት ሦስቴ ከተመላለሰ አልቋል። ለማረጋገጥ አንዱን ጫፍ ፈታችሁ ሳቡት፣ ግፉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሊታገላችሁ ይገባል። መሃል ላይ ባዶ ከሆነ ወይም ዘይት ካንጠባጠበ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። አዲስ ስትገዙ የተዘጋና የተከፈተ ርዝመቱን፣ የቀዳዳውንም ስፋት ለኩ። የመኪና አሞርዛተር አትግጠሙ። እሱ ለብዙ እጥፍ ክብደት የተሠራ ስለሆነ ወንበሩን ያደርቀዋል።

ወንበሩ ደርቆ አልንቀሳቀስ ይላል

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ትራክተሩም ብዙ ጊዜ ደጅ ያድራል። ጭቃና ውሃ ክንዶቹ ውስጥ ገብቶ ዝገት ይሠራል። እጠቡት፣ አድርቁት፣ መገጣጠሚያዎቹን በናፍጣ ነክራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ቀስ እያላችሁ ላይ ታች አድርጉት። ሲላቀቅ ግራሶ ስጡት። ቀጥሎ ግን መንስኤውን ተመልከቱ፦ ዙሪያውን የሚሸፍነው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ ተቀዶ ይሆናል። አዲስ ካጣችሁ ከወፍራም ሸራ ሰፊ ብላችሁ አሰፉ። ሲወርድ እንዳይወጠርና ክንዱ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።

ወደ ጎን ይወዛወዛል

ፒኑና ቡሹ ተበልቷል። ብሎን ማጥበቅ መፍትሄ አይደለም፤ ክንዱን ያስይዘዋል። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ቀዳዳውን አስተካክለው አዲስ ቡሽና ፒን ይሥሩላችሁ።

በንፋስ የሚሠራው ወንበር አድሮ ይወርዳል

ንፋስ እያመለጠ ነው። የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ነው ቀዳዳው። ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ መጀመሪያ ንፋስ የሚሞላውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ፊውዝ እዩ።

ከሌላ ትራክተር የተፈታ የተሻለ ወንበር መግጠም

ይቻላል፤ ከፍታውን ግን ቀድማችሁ ለኩ። ወንበሩ ከፍ ካለ እግር ፍሪሲዮንና ፍሬን ላይ በደንብ አይደርስም። የብሎን ቀዳዳው ካልገጠመ በወፍራም ላሜራ ማገናኛ አሠሩ። ትራክተሩ ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቀውን የብረት ፍሬም ግን አትብሱት፣ አትበይዱበት። ፍሬሙ ካለ ቀበቶ እሰሩ። ፍሬም በሌለው ትራክተር ላይ ቀበቶ አይታሰርም፤ ሲገለበጥ ሹፌሩን ከስሩ ያስቀረዋል።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ንጥረቱ ካልቀነሰ የኋላ ጎማውን ንፋስ በጌጅ ለኩ። ለጭነት ተብሎ የተነፋ ጎማ ሳይቀነስ እርሻ ሲገባ እንደ ኳስ ይነጥራል። ልኩ በትራክተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው።